አነስ ያለ ዋየርለስ ኪቦርድና ማውስ ለቤት፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምፒውተር እንደምነካካ ሰፈር ውስጥ ከታወቀ ወዲህ ኪቦርድና ማውስ ሊገዛ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ ለእኔ ይደውላል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ ሰብሰብ አድርጌ እዚህ መለስኳቸው። ስለ ቢሮ ወይም ስለ ጌም አይደለም የምጽፈው። ጠረጴዛው ጠባብ ለሆነ፣ ልጆች ለሚነካኩት፣ መብራትም ለሚጠፋበት ቤት ነው። ሐሳቤን ቀድሜ ልንገራችሁ፦ ኪቦርዱን አሳንሱ፣ ማውሱን አታሳንሱ፣ ባትሪው ደግሞ ከደጃችሁ ሱቅ የሚገዛ ይሁን። የቀረው ማብራሪያ ነው።

ሙሉው ኪቦርድ እያለ ትንሹን ለምን እገዛለሁ?

ዋናው ነገር ቦታ ነው። ሙሉው ኪቦርድ 104 ገደማ ቁልፍ ይዞ ርዝመቱ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። አንዳንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ ያለች ጠረጴዛ ከዚያ ብዙም አትተርፍም፤ በዚያ ላይ የልጅ ደብተር አለ፣ የሻይ ብርጭቆ አለ፣ ቻርጀር አለ። ሁለተኛው ትከሻ ነው። በቀኝ በኩል ያለው የቁጥር ክፍል ማውሱን ገፍቶ ያርቀዋል፣ እጃችሁም ቀኑን ሙሉ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ይውላል። እሱ ሲቀር ማውሱ ወደ ሰውነታችሁ ይጠጋል። ልዩነቱ ብዙ ስትጽፉ ያመሻችሁ ዕለት ይታወቃችኋል።

ቁጥር የምትቀጠቅጡ ከሆነ ግን ሌላ ነው። የሱቅ ሒሳብ የምትይዙ፣ ማታ ማታ የቡና ኪሎና ዋጋ ኤክሴል ላይ የምትደምሩ ሰዎች ትንሹን ገዝታችሁ በሳምንቱ ትረግሙኛላችሁ። ለእናንተ ሙሉው ይሻላል። ወይ ደግሞ ለብቻው የሚሸጠውን የቁጥር ሰሌዳ ጨምሩና ሲያስፈልግ ብቻ አውጡት።

ሁሉም «ኮምፓክት» እያሉ የተለያየ ነገር ያሳዩኛል፣ የቱ ነው ትክክለኛው?

ስሙ ልክ የለውም፣ ቁልፍ መቁጠር ይሻላል። የቁጥር ክፍሉ ብቻ የተነሳለት 87 አካባቢ ቁልፍ አለው። ሁሉንም አጠጋግተው 84 አካባቢ ያደረሱት አለ። የላይኛውን የኤፍ ረድፍ አንስተው ቀስቶቹን ያስቀሩት 68 አካባቢ ነው። 61 ቁልፍ ያለው ደግሞ ቀስት እንኳ የለውም፤ አንድ መስመር ወደ ላይ ለመውጣት ኤፍኤን የምትባለዋን ይዞ ሌላ ቁልፍ መጫን ነው።

ለቤት 84 አካባቢ ያለውን ውሰዱ። ቀስቶቹም ዴሊትም የላይኛው ረድፍም አሉለት። 61ዱን ጎረምሶች ይወዱታል፣ ፎቶ ላይም ያምራል፤ ሲቪ ለማስተካከል ስትቀመጡ ግን ያበሳጫል።

ከቁልፍ ብዛት ይልቅ የሚያሳስበኝ የቁልፎቹ መራራቅ ነው። በደህና ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ኪቦርዱ ትልቅም ይሁን ትንሽ። ሱቅ ውስጥ ማስመሪያ ማውጣት ካላሳፈራችሁ ከኪው ግራ ጠርዝ እስከ ፒ ቀኝ ጠርዝ ለኩት። 19 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከመጣ ጣታችሁ የለመደውን ቦታ ያገኛል። 17 ከመጣ ቁልፎቹን አጥብበዋቸዋል ማለት ነው። ለልጅ ጣት ይሆን ይሆናል፤ ለአዋቂ ግን ሁለት ፊደል አንድ ላይ እያስነካ ያሰለቻል።

የአማርኛ ፊደል የታተመበት መሆን አለበት?

የለበትም። ኪቦርድ ፊደል አይልክም። የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ ብቻ ነው የሚናገረው፣ ቋንቋውን የሚመርጠው ኮምፒውተሩ ነው። ስለዚህ ላዩ ላይ አረብኛ የታተመበት ኪቦርድ ካሳዩዋችሁ አትደንግጡ፣ አማርኛም እንግሊዝኛም እንደልብ ይጽፋል። ዊንዶውስ ውስጥ አማርኛ አብሮ አለ፣ ከቋንቋ ሴቲንግ ላይ መጨመር ብቻ ነው። የአማርኛውን ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደል እየመቱ መጻፍ የሚቀናችሁ ደግሞ ኪማን የተባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም በነጻ አውርዱ። ፓወር ግዕዝ የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ የለመደም ልማዱን ይዞ ይቀጥላል፣ ኪቦርዱ ምንም አይቀይርበትም። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ለመሄድ የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስ ባርን አንድ ላይ መጫን ነው፣ እና የምትገዙት ትንሽ ኪቦርድ የዊንዶውስ ቁልፍ ያለው መሆኑን እዩ።

በአፋን ኦሮሞ ለምትጽፉ (ጅማ ላይ ስንቱ ቤት ሁለቱንም ይጽፋል!) ቁቤ በላቲን ስለሆነ ምንም መጫን አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጡ፦ ሁድሃ የምትጻፍባት ትንሿ ጭረት (') የት እንዳለች። በተለመደው ኪቦርድ ላይ ከኤንተር በስተግራ ናት። አንዳንዱ ትንሽ ኪቦርድ ላይ ቦታ ለማትረፍ ታች ወስደው ሸጉጠዋት ወይም ከኤፍኤን ጋር አጣምረዋት ታገኛላችሁ። በየአንቀጹ የምትፈለግ ነገር እንዲህ ከተደበቀች ያንን ኪቦርድ ተዉት። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም፣ እሱም አላየው ይሆናል።

ብሉቱዝ ይሻለኛል ወይስ ፍላሽ የምትመስለው ሪሲቨር?

ዴስክቶፕ ካላችሁ ሪሲቨር። አብዛኛው አሮጌ ዴስክቶፕ ብሉቱዝ የለውም። ቢኖረውም ብሉቱዝ ኪቦርድ ብዙ ጊዜ መሥራት የሚጀምረው ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩን ፎርማት ልታደርጉ ወይም ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ልትገቡ ስትሉ ኪቦርዱ ዝም ይላል፣ እናንተም ገመድ ያለው ኪቦርድ ፍለጋ ጎረቤት ታንኳኳላችሁ። ሪሲቨሩ ግን ለኮምፒውተሩ እንደ ማንኛውም የዩኤስቢ ኪቦርድ ስለሚታየው ከመጀመሪያው ሰከንድ ይሠራል።

ላፕቶፕ፣ ታብሌትና ስልክ እያፈራረቁ ለሚጠቀሙ ብሉቱዝ ይመቻል፤ የዩኤስቢ ቀዳዳም አይወስድም። እንደ ሎጂቴክ ኬ380 ያሉት ከሦስት መሣሪያ ጋር ተጣምረው በአንድ ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላሉ። ሁለቱንም፣ ሪሲቨርም ብሉቱዝም ያለው ካገኛችሁና ዋጋው ካልተጋነነ እሱን ያዙ።

ማውሴ ይንተፋተፋል፣ ኪቦርዱም አንዳንዴ ፊደል ይበላል። ተበላሽቶ ነው?

ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። ይህን ጥያቄ ዘርዘር አድርጌ ልመልሰው፣ ምክንያቱም ደህና ዕቃ «አይሠራም» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ሲጣል አይቻለሁ።

ሪሲቨሩ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ነው የሚሠራው። ብሉቱዝም እዚያው ነው፣ ዋይፋይም አንዱ መንገዱ እዚያው ነው። በዚህ ላይ ዩኤስቢ 3 የሚባለው ፈጣኑ ቀዳዳ፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው፣ ዳታ ሲያስተላልፍ በዚሁ አካባቢ ሬዲዮ ይረብሻል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ ለክቶ ጽፎታል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ፊልም ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስትገለብጡ ማውሱ ይንቀጠቀጣል፣ ቅጂው ሲያልቅ ይድናል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ሪሲቨሩን ከሰማያዊው ቀዳዳ ነቅላችሁ ጥቁር ወይም ነጭ የሆነው ላይ ሰኩት፣ ከሃርድ ዲስኩም አርቁት። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ አውጥታችሁ ፊት ለፊት አድርጉት። ኋላ ሲሰካ በመሐል የቆርቆሮው ሳጥን አለ፣ ሳጥኑም ጠረጴዛ ሥር ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። ይህም ካልረዳ አጭር የዩኤስቢ ማስረዘሚያ ገመድ ግዙና ሪሲቨሩን ጠረጴዛው ላይ አውጡት። ካርቶኑ ላይ 10 ሜትር ይላል፣ እሱ ምንም በመሐል ሳይገባ ነው። በእኔ ልምድ ቅርብ ሆኖ የሚታይ ሪሲቨር ያለው ርካሽ ማውስ፣ ሪሲቨሩ ከተደበቀበት ውድ ማውስ ይሻላል።

ቦታ ቀይራችሁም ካልዳነ ባትሪውን ለውጡ። ያም ካልሆነ ያኔ እንነጋገር።

ቻርጅ የሚደረግ ልግዛ ወይስ ባትሪ ድንጋይ የሚገባበት?

ድንጋይ የሚገባበት። ቻርጅ የሚደረገው ዘመናዊ ይመስላል፤ ግን ውስጡ የታሸገው ባትሪ ከጥቂት ዓመት በኋላ መያዝ ይቀንሳል። ያኔ የሚቀይርላችሁ ሰው መፈለግ አለባችሁ፣ የሚገጥም ባትሪም እንደዚሁ። መብራት ጠፍቶ በዋለበት ቀን ደግሞ የፓወር ባንኩን ቀዳዳ ስልክና ኪቦርድ ይሻሙበታል። ድንጋዩ ግን ጅማ ውስጥ ቆጪም ሄዳችሁ አጂፕ፣ የትም ሱቅ አለ። ትሪፕል ኤ የሚባለው ቀጭኑ የሪሞት ድንጋይ ነው፣ ደብል ኤ ደግሞ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ የሚገባው። ማውሱና ኪቦርዱ አንድ ዓይነት ድንጋይ የሚበሉ ከሆነ ሕይወት ይቀላል።

ድንጋይ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። «ሄቪ ዲዩቲ» የሚል የተጻፈበት ስሙ ያስፈራል እንጂ የአሮጌው የዚንክ ዓይነት ነው፤ ቶሎ ያልቃል፣ ካለቀም በኋላ ውስጥ ከቆየ ያፈሳል። «አልካላይን» የሚለውን ፈልጉ። ዋጋው ይበልጣል፣ ግን ኪቦርድ በጣም ትንሽ ኃይል ስለሚበላ አንዴ ከገባ ወራት ይቆያል። እሱም ቢሆን ተረስቶ ከቀረ ያፈሳል፣ ጅማ ደግሞ ዝናብ የማያጣት፣ እርጥበቷ የበዛ ከተማ ስለሆነች የባትሪ ቤቱ ሽቦ ዝገት ለመጀመር ሰበብ አይፈልግም። አገር ቤት ስትሄዱ ወይም ኮምፒውተሩን ለወራት የማትነኩት ከሆነ ድንጋዩን አውጡ። አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ። አልካላይኑ አፍስሶ ሽቦው ላይ ነጭ ነገር ከጋገረ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ሎሚ ነክራችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ በደንብ አድርቁት።

ቻርጅ የሚሆነው ደብል ኤ ድንጋይ፣ 1.2 ቮልት የሚለው፣ አብዛኛው ኪቦርድ ላይ ይሠራል። የተለመደው 1.5 ስለሆነ የባትሪ መጠን አመልካቹ ቀድሞ «አለቀ» ሊላችሁ ይችላል፣ አትመኑት።

ማውሱንስ ለምን ትልቅ ላድርግ?

እጃችሁ ስላልተኮማተረ ነዋ! ኪቦርድ ሲያንስ ቁልፍ ይቀንሳል። ማውስ ሲያንስ ግን መዳፋችሁ ማረፊያ ያጣል፣ በሦስት ጣት ቆንጥጣችሁ ስትይዙት ትውላላችሁ። ትንንሾቹ ለጉዞ የተሠሩ ናቸው። ከኪቦርዱ ጋር በአንድ ካርቶን የሚመጣው ማውስም ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ካርቶኑን አስከፍቱና ያዙት። መዳፋችሁ ጀርባው ላይ ካረፈና ጣታችሁ ጫፉን አልፎ ካልወጣ ይበቃል። 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ለብዙ ሰው እጅ ልክ ነው።

ዲፒአይ (ማውሱ እንቅስቃሴን የሚለይበት ልክ) እያሉ ቁጥር ሲቆልሉላችሁ ጆሮ አትስጡ፣ ለቤት ከ1000 እስከ 1600 ከበቂ በላይ ነው። ልጅ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ድምፅ የሌለው ክሊክ ያለው አለ፣ እሱን ጠይቁ። ግራኝ ከሆናችሁ ግራ ቀኙ እኩል የሆነውን እንጂ ለቀኝ እጅ የተጠመዘዘውን አትውሰዱ።

ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ማውሱ አልታዘዝ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ጠረጴዛው መስታወት ነው፣ በላዩም ዳንቴል አለ። አይደል? ተራው ማውስ ከሥሩ ብርሃን አብርቶ የገጽታውን ጥቃቅን ምልክት እያነበበ ነው የሚሄደው። መስታወት ላይ የሚያነበው የለም። ዳንቴሉ ላይ ደግሞ አንዴ ክር አንዴ ቀዳዳ እያየ ይደነባበራል፣ እግሩም ክሩ ውስጥ ይያዛል። የማውስ ፓድ ግዙ። እስከዚያው የደብተር ልባስ ወይም ወፍራም ካርቶን ይበቃል፣ አንጸባራቂ ብቻ አይሁን።

ሜካኒካል የሚባለው ጥሩ ነው ይሉኛል

እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስፕሪንግ ያለው ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ግን ይጮኻል። ግድግዳው በሳሳ፣ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ ባለበት ቤት ማታ አራት ሰዓት ላይ እሱን መቀጥቀጥ ጠብ መፈለግ ነው። ለቤት እንደ ላፕቶፕ ጠፍጣፋ የሆነው ይበቃል።

ለቲቪ የሚሆንስ?

ቲቪ ላይ ማውስ አትቸገሩ፤ ሶፋ ላይ ማውስ የት ታስኬዳላችሁ? በቀኙ የላፕቶፕ ዓይነት መዳሰሻ ያለው ኪቦርድ አለ፣ ጉልበት ላይ አድርጎ መሥራት ይቻላል። ሎጂቴክ ኬ400 የዚህ ዓይነት ነው። በእጅ መዳፍ ልክ የሆነችው በአውራ ጣት የምትጻፈው ደግሞ ርካሽ ናት፣ ዩቲዩብ ላይ መዝሙር ወይም ኳስ ለመፈለግ ትበቃለች። ደብዳቤ ግን አይጻፍባትም። ሪሲቨሩ ከቲቪው ጀርባ ስለሚሰካ የላይኛውን የማስረዘሚያ ገመድ ምክር እዚህም አስታውሱ።

ስልክ ላይ ይሠራል?

ብሉቱዙ አዎ። የሪሲቨሩም ኦቲጂ በምትባለው ትንሽ መገናኛ አብዛኛው አንድሮይድ ላይ ይሠራል።

ሪሲቨሩ ጠፋብኝ፣ ሌላ አገኛለሁ?

ርካሹ ዓይነት ከሆነ ይርሳችሁ። ፋብሪካ ውስጥ አብረው ተጣምረው ስለሚወጡ የጓደኛችሁን ሪሲቨር ብትሰኩ፣ ዕቃው አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ አይተዋወቁም። ሎጂቴክ እ.ኤ.አ. በ2009 ያመጣው ዩኒፋይንግ የሚባለው ግን ለየት ይላል። ብርቱካናማ ኮከብ መሳይ ምልክት አለበት፣ አንዱ ሪሲቨር እስከ ስድስት መሣሪያ ይይዛል፣ ቢጠፋም ሌላ ተገዝቶ በሶፍትዌር ይጣመራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የመጣው ቦልት የተባለው አዲሱ ዓይነትም እንደዚሁ ነው። ሁለቱ ግን አይግባቡም፣ ስትገዙ ምልክቱን አመሳክሩ።

ከላፕቶፑ ስትነቅሉት ኪስ ውስጥ አትክተቱት፣ ከሱሪው ጋር ይታጠባል። አብዛኛው ማውስ ባትሪ ቤቱ ውስጥ የሪሲቨር ማስቀመጫ ጎድጓዳ አለው። አዲስ ስትገዙም እዚያው ውስጥ ተሸጉጦ ሊሆን ስለሚችል «ካርቶኑ ውስጥ የለም» ብላችሁ ከሻጩ ጋር ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱ።

ሱቅ ውስጥ ምን ልፈትሽ?

ጅማ መርካቶም ግዙ ፈረንጅ አራዳ፣ ሳትሞክሩ አትውጡ። ከአዲስ አበባ አስልካችሁ ከሆነማ ባይሠራ መመለሱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፣ ትርፉ ድካም። ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይ የሻጩን ተጠቀሙ። ኖትፓድ ክፈቱና ቁልፎቹን በሙሉ ተራ በተራ ተጫኑ፣ ስፔስ ባሩን በሁለቱም ጫፍ ጭምር፤ ርካሽ ኪቦርድ ላይ መሐሉ ሠርቶ ጫፉ የሚነክስ አለ። ሺፍትን ይዛችሁ ሌላ ቁልፍ በመጫን ትልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። ማውሱን ነጭ ወረቀት ላይ በዝግታ ክብ አስዙሩት፣ መንኮራኩሩን ወደ ላይም ወደ ታችም አሽከርክሩት። ከዚያ ኪቦርዱን ይዛችሁ አምስት ስድስት እርምጃ ራቁና ጻፉ።

ኪቦርዱን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ አራቱንም ጥግ ንኩት። ከተንገጫገጨ ተጣምሟል። ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቦርሳ ውስጥ እየተጫነ ባትሪ አይጨርስም። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ባይሠራ እስከ መቼ እንደሚለውጥላችሁም ከፊት ለፊቱ ተነጋገሩ።

ቡና ፈሰሰበት!

በዚህ ከተማ የማይቀር ነው። መጀመሪያ አጥፉትና ድንጋዩን አውጡ፣ ከዚያ ወዲያው ድፍት አድርጉት። መጥረግ የሚከተለው ከዚያ ነው። ስኳር ከነበረው ሲደርቅ ቁልፉን ይይዘዋል፣ ስለዚህ ውሃ ነክቶ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ላዩን አጽዱ። ጨው ያለበት ቡና የሚጠጣ ቤት ከሆነ ይባስ ብሎ ሽቦውን ይበላዋልና ቶሎ በሉ። ከሰሉ አጠገብ እንዳታደርቁት፣ ቁልፉ ይጣመማል። ክረምት ከሆነ ሁለት ቀን ስጡት፣ እንደ ተደፋ ይቆይ።

ጎረቤት የምጽፈውን ሊያነብ ይችላል?

እ.ኤ.አ. በ2016 ባስቲል የተባለ የደህንነት ድርጅት አንዳንድ ዋየርለስ ማውስና ኪቦርድ ላይ ክፍተት አግኝቶ ነበር፤ ቅርብ ያለ ሰው በሬዲዮ የውሸት ቁልፍ መጫን ይችል ነበር። ለቤት ብዙ አያስጨንቅም። ግን ባንክ በኮምፒውተር የምትጠቀሙ ከሆነ የሚልከውን የሚመሰጥር፣ ማለትም ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚቀይር ኪቦርድ ውሰዱ፣ ካርቶኑ ላይ «ኢንክሪፕሽን» የሚል ፈልጉ። ብሉቱዝም ይመሰጥራል።

ያገለገለ ልግዛ?

ኪቦርዱን ይቻላል፣ ባትሪ ቤቱን ከፍታችሁ ዝገት ከሌለውና ሪሲቨሩ አብሮት ካለ። ማውስ ግን አዲስ ግዙ። ግራ ክሊኩ ነው ቀድሞ የሚደክመው፤ አንዴ ስትጫኑት ሁለቴ ይቆጥራል፣ ፋይል ልትመርጡ ስትሉ ይከፍተዋል፣ ይህ ደግሞ ሱቅ ውስጥ በሁለት ደቂቃ ሙከራ ላይታይ ይችላል።